ከኋላ ወንበር በእጅ የተባለው

ውድ ክብርት እጩ፣

ስድስት ዓመት እስኪሞላሽ ድረስ አውራ ጣትሽን እየጠባሽ ጉልበቴ ላይ ትተኚ የነበርሽው አንቺው ነሽ ወይስ ሌላ ሰው? የመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ፎቶሽን አየሁት። ኮስተር ብለሻል። ጥርስሽን የት አደረግሽው?

ፓርቲሽ ሐሙስ ዋናው ጽሕፈት ቤት ጠርቶሻል አሉ። ከእጩነት ሊያወርዱሽ ይሁን ሊገስጹሽ እናትሽም አታውቅም። ስልክሽን ዘግተሻል። ስለዚህ ይህን በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ሳትገቢ አንብቢው። ጽሑፌ የተንቀጠቀጠው በእርጅና እንዳይመስልሽ። ደስታ ነው። ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ያን ቀንም ቢሆን ያንቀጠቀጠኝ የጠበበኝ ጫማ ነበር።

መጀመሪያ ግን ኑዛዜ አለብኝ። እሑድ ዕለት በሸማኔዎች ማኅበራችን አዳራሽ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «የእኛ አይደለችም» ያለው እኔ ነኝ። እንዳየሽኝ አውቃለሁ። ግን አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ቀጮ ነው ብዬ ልክድ አስቤ ነበር።

አየሽ፣ በፋብሪካው የሽመና ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ ማሽን በአንዴ ሲጮህ አፍ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በእጅና በከንፈር እንነጋገር ነበር። አለቃው ሲመጣ ኮሌታን መያዝ ነው። ክር ሲበጠስ ሁለት ጣት ማላቀቅ። «የእኛ» ለማለት በመዳፍ ደረትን ሁለቴ መምታት፤ «የእኛ አይደለም» ለማለት ደግሞ ደረትን አቧራ እንደሚያራግፉ ወደ ውጭ መጥረግ። አያትሽን የጠየቅኳት በዚሁ ቋንቋ ነው። ሦስት ማሽን ርቃ ቆማ «ምሳ ላይ እንገናኝ» አልኳት፤ «መጀመሪያ ፊትህን ታጠብ» ብላ መለሰችልኝ። ከተጋባን በኋላም ጎረቤት እንዳይሰማ የምንጣላው በእጅ ነበር። አንቺ መሐላችን ተቀምጠሽ ኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው አንገትሽን ታመላልሺ ነበር።

ያን ረሳሁት ልጄ! አርባ ዓመት ሙሉ አለቆች እጃችንን እያዩ ምንም ሳይገባቸው አለፉ። በእጅ የተባለ ነገር ምስጢር ነው ብዬ ኖርኩ። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ከኋላ የተቀመጠውን ከሁሉም አስበልጦ እንደሚያይ፣ ቋንቋውንም ያስተማርኩሽ እኔው እንደሆንኩ አልታሰበኝም።

ደግሞስ ምን ላድርግ? ንግግርሽ ገደለን። «ባለድርሻ አካላት» ስትዪ ቀጮ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዐሥሩ ጣቶቹ ሲያልቁበት «አንዱን አበድረኝ» አለኝ። ይህ ፓርቲ የተወለደው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ባንዲራው ከእኔ ማሽን የወጣ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በእኛ ስም የሚቀርቡልን እጩዎች፣ አንዱ የሆቴል ባለቤት፣ አንዱ ውጭ የተማረ ምሁር፣ አንዱ ደግሞ ድርና ማግ የማይለይ ጎልማሳ ናቸው። ሁሉም ከምርጫ በፊት ይመጣሉ፤ እጃችንን ይጨብጣሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ። እኛም በልማድ እንመርጣለን።

ይኸውልሽ ሁለተኛው ኑዛዜ፦ እኔ ትቼዋለሁ። ባለፉት ሁለት ምርጫዎች ወረቀቱን ባዶውን አጥፌ ነው የከተትኩት። «አባባ፣ መረጥክ?» ስትዪኝ «እንዴታ!» እያልኩ ዋሸሁሽ።

እና እሑድ ወይዘሮ ማጠንጠኛ፣ ያቺ ክር ስታጠነጥን የኖረችው ምላሰኛ ጎረቤታችን፣ ከወዲያ ረድፍ «የልጅ ልጅህ ምን እያለች ነው?» ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። የጆሮዋ መሣሪያ ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው። እኔም ላስቃት ብዬ «እንጃላት። የእኛ አይደለችም» አልኩና ደረቴን ጠረግኩት። የኋላው ረድፍ በሳቅ ተንፈራፈረ። ቀና ስል ንግግርሽን አቋርጠሻል። ዓይንሽ እጄ ላይ ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ወረቀትሽን አስቀመጥሽና በእጅሽ «ምን ልበል?» አልሽ። ከጎንሽ የነበረው የፓርቲው ሰውዬ፣ ክራባቱ እንበለው፣ ማይክራፎኑ የተበላሸ መስሎት ጠጋ ብሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይልልሻል! ወይዘሮ ማጠንጠኛ ብድግ አለች። በእጇ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ክሊኒኩ።»

የጠየቀችሽ የሁላችንንም ጉዳይ ነው። ማሽኑ ጆሯችንን ወስዶታል። የመስሚያችን ባትሪ የሚቀየረው፣ ሲበላሽም የሚጠገነው እዚያ ነው። ሌላው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ማንም ግን ደፍሮ አልነገረንም።

አንቺ እጅሽን ከጠረጴዛው በላይ ብዙም ሳታነሺ፦ «ከንግግሬ አውጥተውታል። ሊዘጋ ተስማምተዋል። እኔ አልተስማማሁም።» ሁለት መቶ ሽማግሌና አሮጊት እጅሽን አነበበ። ክራባቱ «እጩአችን በስሜት ተውጠዋል» ብሎ አጨበጨበልሽ። ብቻውን!

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ መቀመጥ ነበረብኝ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተነሳሁና «በእጅሽ አይደለም። በአፍሽ» አልኩሽ። ለምን ጨከነብኝ ብለሽ ይሆናል። እኛ በእጅ የተነጋገርነው ማሽን ስለጮኸብን እንጂ ሰው ስለፈራን አልነበረም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ማሽን አልነበረም።

ከንፈርሽ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱን ማን ሰበረው ስልሽ እንደምትሆኚው። ከዚያ ማይኩን ያዝሽ። «ክሊኒኩ እንዲዘጋ ፓርቲዬ ተስማምቷል። ዛሬ ይህን እንዳልናገር ተነግሮኛል። እኔ ግን መዘጋት የለበትም ባይ ነኝ። ካልፈለጋችሁኝ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

ክራባቱ «ማይኩን ዝጉት! ዝጉት!» አለ። ዘጉት። ሸማኔ በሞላበት አዳራሽ ማይክ ዘጉ! አንቺ በአፍሽም በእጅሽም ቀጠልሽ፤ እኛም አንዲት ቃል አላመለጠችንም። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ወይዘሮ ማጠንጠኛ ደግሞ ክራባቱን እያየች ኮሌታዋን ያዘች፤ አለቃው መጣ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሽም፤ በኋላ በር ይዘውሽ ወጡ። ስሚኝ እንግዲህ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ወይዘሮ ማጠንጠኛ መድረኩ ላይ ወጥታ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ «የእኛ ናት ወይ?» አለች። ሁለት መቶ መዳፍ ደረት ላይ አረፈ። ዷ! ዷ! ወለሉ ሲርድ ተሰማኝ፤ የጠዋት ፈረቃ የተጀመረ መሰለኝ።

እጁን አጣምሮ የቀረው ቀጮ ብቻ ነው።

«ምነው አንተ?» አልኩት።

«ሐሙስ ይታያል» አለኝ። «እዚህ እኛ ፊት መናገር ቀላል ነው። እነሱ ፊት ስትደግመው አምናለሁ። ደግሞ የአንተ የልጅ ልጅ መሆኗ የእኛ አያደርጋትም።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። «ልክ ነህ» አልኩት። እኔ! እውነቱን ነው ልጄ። የሆቴሉ ባለቤትም እኮ አያቱ ሸማኔ ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ በሁለት አውቶቡስ እንመጣለን። ከጽሕፈት ቤታችሁ ፊት ለፊት ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ እንቆማለን። እኔ ምርኩዜን ይዣለሁ፤ ቀጮ ጥርጣሬውን ይዟል። ስብሰባው ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራናለች፤ መስኮቱ ሰፊ ነው አለች። እነሱ ፊት በአፍሽ ተናገሪ፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ መጥተሽ ምን እንዳልሽ በእጅሽ ንገሪን።

ከእጩነት ቢያወርዱሽ አትሸማቀቂ፤ ወጥተሽ ከእኛ ጋር ትቆሚያለሽ፤ ቦታ እንይዝልሻለን። ግን «ተሳስቼ ነው» ብለሽ ከተመለስሽ፣ ከዓይኔ ብሌን አብልጬ እየወደድኩሽ፣ ፎቶሽ ያለበትን ወረቀት ሦስተኛ ጊዜ ባዶውን አጥፌ እከተዋለሁ። አሁን የነገርኩሽ እንዳልዋሽሽ ነው።

እሑድ ያ ሁሉ ሰው ደረቱን ሁለቴ ሲመታ፣ እኔ አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ሁለተኛውን ለሐሙስ አቆይቼልሻለሁ።

መስኮቱ ጋ ስትመጪ ጥርስሽን ይዘሽ ነይ።

መዳፉን አንስቶ የሚጠብቅሽ አያትሽ፣
የአራተኛው መስመር ሸማኔ