የአባትሽ ኩባያ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? የመቁያው ክፍል ሙቀት ያመጣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ሰሞኑን ውሸቴ በዝቷልና አንዱን እንኳ ልቀንስ።

ከቸኮሌት ፋብሪካችሁ የላክሽው የካካዎ ፍሬ አባትሽን ልቡን አሳበጠው። ለልብና ለደም ሥር ሳይጠቅም አይቀርም ይባላል፣ መድኃኒትን ግን አይተካም ብለሽ ነበር የጻፍሽው። እሱ ይጠቅማል የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። በማግስቱ የደም ግፊት ኪኒኑን ተወ። ለመንኩት፣ አኮረፍኩት፣ ጮህኩበት። ልጄ የላከችው እያለ የማንም ኪኒን ምን ሊያደርግልኝ አለ። ከኔ በላይ ላሳር ባይ ነው!

ካካዎውን ቆልቼ ወቅጬ ሳፈላለት ቀመስኩት፤ መራራነቱ አይጣል ነው። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ፋርማሲስቷን ጠየቅኳት፤ ይኼኛው ኪኒን ቢደቅ ችግር የለውም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አድቅቄ ኩባያው ውስጥ እጨምርለታለሁ። ግፊቱ ወረደ። ነርሷ ስትነግረው ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። ጠባዩም ተለወጠ፤ ከተጋባን ጀምሮ ሳህን አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ጠጥቶ ሲጨርስ ኩባያውን ራሱ ያጥባል። ካካዎ ይህንንም ያሽራል እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን አልበረከተም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አባትሽን ሰምቶ እሱም የራሱን የግፊት ኪኒን ጥሏል። ትናንት ቀሚሴን ላስጠብብ ስሄድ ራሱን ይዞ አገኘሁት። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶታል፤ ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ ይላል። መድኃኒትህን ውሰድ ብለው፣ ባልሽ በካካዎ ድኖ የለም ወይ አለኝ። ሚስቱ ከሞተች ቆየች፤ ለሱ ማን ያድቅለታል? ዝም ብል ሰው ሊሞት ነው። ብናገር አባትሽ ያንን ኩባያ ዳግመኛ አይነካም፣ እኔንም አያምነኝም። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ፊቱ ቆሜ የልብስ ሰፊውን ነገር ነገርኩት። ሌላም የምነግርህ አለኝ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም። ካካዎውን ጨለጠና፣ ተቀመጪ፣ እሱን ለኔ ተዪው ብሎኝ ወጣ። ሰውየውን ደግፎ ወደ ክሊኒክ ሲወስደው በመስኮት አየሁ።

ከሰዓት ተመለሰ። ልብስ ሰፊው ተርፏል፤ ኪኒኑንም ጀምሯል። ያንን ግትር ምን ብለህ አሳመንከው አልኩት። ካካዎ ብቻውን አይሠራም አልኩት አለኝ። ከዚያ ጠዋት የጠጣበትን ኩባያ ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ሳያጥበው፣ እጄ ላይ አስቀመጠው። ከሥሩ፣ ቡናማው አተላ ላይ፣ ነጭ ዱቄት ቀርቷል።

ነገም በሰዓቱ አፍይልኝ ብሎኛል። ካካዎው እያለቀ ነውና ላኪልን።

ክፉ አይይሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ መድኃኒት ይሁን።

እናትሽ