ሳይረን ሲጮህ «እርስዎ ይቅደሙ»

ሀስናዬ፣ ሰላምና በረካ ጂዳ ድረስ ይምጣልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው አሽቷል። ፍየሏ መንታ ወለደች፤ አንደኛው ግልገል አፍንጫው ቁርጥ አጎትሽን ነው።

አባትሽ ሮቢት አጠገብ ከተከፈተው የድንጋይ ካባ ሥራ ገብቷል። ኮንትራክተሩ ሄልሜት አደለና ሳያሠለጥን ሠራተኞቹን አሰማራ። ሰኞ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መጣች። ደማሚት ሲፈነዳ እንዴት እንደሚሸሹ ልታይ ሳይረን አስነፋች። ሁሉም ሮጦ ሮጦ የካባው ጠባብ መውጫ በር ላይ ቆመ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!» አለ አባትሽ።

«በሞቴ፣ አንተ እለፍ ሙህዲን!»

ሲገባበዙ ሳይረኑ አለቀ። ተቆጣጣሪዋም «እናንተ እኮ አሁን ሞታችኋል» ብላ፣ ሠራተኛው እስኪሠለጥን ካባውን አስዘጋች።

እኔም አባትሽን ቤት ላለማምደው ብዬ ድስት ደብድቤ ጮህኩ። ዘሎ ተነሳና በሩ ላይ አያትሽን ሊያስቀድም ቆመ። እሷ ደግሞ ጫማዋን ትፈልጋለች!

ቅዳሜ እንደገና ይፈተናሉ። ካለፉ ካባው ይከፈታል፤ ከዚያ የሚፈነዳው የእውነት ነው። እኔ ስነግረው ይስቃል፤ አንቺን ግን ይሰማል።

አላህ በሰው አገር ክፉ አያግጥምሽ፤ ላሠሪዎችሽ ቅን ልብ ይስጥልኝ። አደራ፣ ስትደውዪ «አባ፣ ሳይረን ሲጮህ ባለጌ ሁን» በይልኝ።

እናትሽ ሰይዳ