እናትህ ራቤል ቤት ገቡ

የስንዱ አባት፣ ጌታቸው፤ ከተለየኸን ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። በሰው ፊት ስምህን ሳነሳ ድምፄ እየተሰበረ ስላስቸገረኝ፣ ዛሬ ቤቱ ጭር ሲል ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። እናትህ ደህና ናቸው። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሳቸውን እንደሆነ ስለማውቅ ነው ከእሳቸው የጀመርኩት። ስንዱም ደህና ናት፤ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ ስትስቅ ዓይኗ ያንተው ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስከፋህን ልንገርህ። ቤታችን የለም። አንተ ካረፍክ በኋላ በመጣው ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ከበላያችን ያለው ተረተር ተሰነጠቀ። ጠዋት ጎረቤቶች ጮኸው አስወጡን እንጂ እኛስ ገና እሳት እያያያዝን ነበር። ማዶ ቆመን እያየነው መሬቱ ቀስ ብሎ ቤቱን ይዞ ወረደ። ከጓሳ ሣር አምጥተህ የከደንከው ጣራ ሳይበተን ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ጭቃው ዋጠው። የገብሱ ማሳም አብሮ ሄደ። ሰው ግን አልተጎዳም፣ ተመስገን። አንተ ያረፍክበት ቤተ ክርስቲያን ከሸንተረሩ ወዲያ ስለሆነ ምንም አልነካውም፤ በዚህ እንዳታስብ።

ራቤል ከተማ ወጣን። ቤት ከፈረሰባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር በከተማው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሸራ ተወጥሮልን ተጠጋን። ለጥቂት ሳምንት ነው ብለን ነበር፤ በጋው አልፎ ሌላ ክረምት መጣብን። የራቤልን ብርድ ታውቀዋለህ። እናትህን ሳል ያዛቸው። ሕዝቡ እህልም ልብስም አልነፈገንም፤ ያጣነው በር ነው። ሰው በር ከሌለው ለካ ልብሱን መቀየር እንኳ ይቸግረዋል። ስንዱ በለበሰች በቀየረች ቁጥር ነጠላዬን ዘርግቼ እከልላት ነበር።

እናትህ ታዲያ ክረምቱ ሲወጣ እንመለሳለን ማለታቸውን አልተዉም። ወዴት እንደምንመለስ የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አምና የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ታደሰ ከከተማው እድሮች ጋር ተመካከሩ። እነዚህን ሰዎች በየክረምቱ ሸራ ከምንቀይርላቸው ለምን ቤት አንከራይላቸውም አሉ። ኪራዩን ደብሩና እድሮቹ ለአከራዩ ሊከፍሉ፣ እኛም ሥራ ስንይዝ ድርሻችንን እያሳደግን ሄደን በመጨረሻ ሙሉውን ራሳችን ልንከፍልና እዚያው ልንኖር ተስማማን። አዲስ አበባ ያሉ የአገር ልጆችም አዋጡ።

ደስታዬ ግን ቤት ፍለጋ ስወጣ ቀዘቀዘ። አከራዮቹን ያሳሰባቸው ኪራዩ አልነበረም፤ እናትህን ሲያዩ ነው ፊታቸው የሚለወጠው። አንዷ ክፍሉ ለልጇ እንደሚያስፈልጋት ድንገት ትዝ አላት። አንዱ ደግሞ በግልጽ ነገረኝ፤ አሮጊቷ ታማ እዚህ ብትሞት ለቅሶውና ድንኳኑ ግቢዬን ያጨናንቀዋል አለ። ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነበር፤ እናትህ ግን ጆሯቸው እንደ ድሮው ነው፣ ሰምተዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለስን። ስንደርስ እኔ እዚሁ ደጀ ሰላሙ ጥግ ይበቃኛል፣ እናንተ ግቡ አሉኝ።

ያን ዕለት አንተን ነበር የፈለግኩህ። አንተ ብትኖር አጠገባቸው ተቀምጠህ እግራቸውን ታሽላቸው ነበር፤ ሆድ ሲብሳቸው መድኃኒታቸው እሱ ነበር። እኔም እንዳንተ አደረግኩ። እያሸሁ ሙሽራ ሆኜ የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። በማግስቱ እንዳልወቀስ ፈርቼ ማለዳ ላም ላልብ ስነሳ፣ እናትህ ቅሉን ከእጄ ተቀብለው ሂጂ ተመልሰሽ ተኚ፣ ቤትሽ ነው፣ ነገም አለ አሉኝ። አንተም ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆነህ ሳቅህን አፍነህ ነበር። ታዲያ እሳቸውን ደጅ ትቼ እኔ ምን ቤት እገባለሁ? እርስዎ ካልገቡ እኔም ስንዱም አንገባም አልኳቸው። እግራቸውን ከእጄ አልሰበሰቡም።

በመጨረሻ ገበያው ዳር ጨውና በርበሬ የምትሸጥ ወይዘሮ አሰገደች የምትባል ሴት አገኘሁ። እሷም ባሏ የሞተባት ናት፤ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል ነበራት። ሌላው ቤት የሆነው እንዳይደገም ብዬ ስለ እናትህ አስቀድሜ ነገርኳት፤ ዕድሜያቸውንም ሳላቸውንም። ይምጡ አለችኝ።

ዕቃችንን ይዘን የሄድን ዕለት እናትህ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወይዘሮ አሰገደችን ትክ ብለው አዩዋትና፣

«ልጄ፣ እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ። እዚህ ብሞት ድንኳን ታስጥይልኛለሽ?» አሏት።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይኸም ቤት ቀረ አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አስጥልልዎታለሁ እማማ። ግቢው ካልበቃ አጥሩን አስነሳለሁ። የባሌም አስከሬን የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። እስከዚያው ግን ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

እናትህ አማትበው ገቡ። ክፍሉ መሀል ቆመው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ስንዱን በሩን ዝጊው አሏት። በሩ ሲዘጋ መሬት ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እንደዚያ ሲያለቅሱ አንተን ስንቀብር እንኳ አላየኋቸውም። የወረደውን ቤታችንን ያን ቀን የተሰናበቱት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እንመለሳለን ብለው አያውቁም።

አሁን እኔ የበግ ጠጉር እፈትላለሁ፤ ባና ብርድ ልብስ የሚሠሩት ሰዎች ይወስዱልኛል። ዘንድሮ ከኪራዩ ገሚሱን እኛ መሸፈን ጀምረናል፤ ቀስ በቀስ ሁሉንም እንደርስበታለን። የእናትህ ሳል ቀሎላቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ከወይዘሮ አሰገደች ጋር ደጃፉ ላይ በርበሬ እየቀነጠሱ ይከራከራሉ፤ የሚሸነፉበት ቀን ብዙ አይደለም። ስንዱ ብቻዋን የምታጠናበት ጥግ አላት። ሸራው ሥር የቀሩ ግን አሁንም አሉ። እናትህ ቅዳሴ ሲያበቃ ሳይጠይቋቸው አይመለሱም፤ ቤት የሚያከራይ ሰው ሲያገኙም መንገድ ላይ አስቁመው ይለምኑላቸዋል።

የስንዱ አባት፣ ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። ያለፉትን ጊዜያት ዳቦ ይዘን ቤተ ክርስቲያን ከማድረስ በቀር ሰው መጥራት አልቻልንም፤ ምን ላይ እናስቀምጠው? ዘንድሮ ግን እናትህ ጠላ ጠንስሰዋል። ትናንት መምሬ ታደሰ የት እንምጣ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ወደ ገበያው በምርኩዛቸው እያመለከቱ እቤቴ ነዋ አሉ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በዚህ ቤት ስምህ ሳይነሳ የሚመሽ ቀን አይኖርም። ገና ያልተወለዱት የልጅ ልጆችህም ከእኔ አፍ ይሰሙሃል። አንተ እረፍ፤ ለእናትህ እኔ አለሁላቸው።

ባለቤትህ ይታይሽ