ለአበልጄ ለአቶ ዘርአጽዮን፣ ስለቀዱልኝ ቤንዚን

ለተከበሩ የማደያ ባለቤትና የእድራችን ዳኛ፣ ለአበልጄ ለአቶ ዘርአጽዮን፤
ጉርድ ሾላ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ የክርስትና ልጄ ዓንዶም፣ የነዳጅ ጉድጓድዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሞተችው ላዳዬ ብቻ ናት። ድሮ አንተ እልዎት ነበር። ባለፈው እሑድ ከመሰከሩብኝ ወዲህ ግን አንቱታ የሚገባዎ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ይኸው ይህን ደብዳቤ በልጅ ልጄ በዊንታ እጅ አስጽፌ ታክሲ ተራው ግድግዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ማደያዎን የከፈቱ ዕለት እግርህ እርጥብ ነው ብለው የመጀመሪያውን ቤንዚን ለእኔ ላዳ ቀዱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ማለዳ ከእኔ በፊት ማንም እንዳይቀዳ አድርገው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትንም ለባዕድ ሳይሰጡ አስቀድመው ለእኔ ስለቀዱልኝ ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ለሚ ኩራ ስወጣ ሞተሩ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ጀመር፤ ጭሱን ለቆ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለ። የበዓል ልብስ የለበሱ ተሳፋሪዎቼ ወርደው ገፉኝ። አቤት ብዬ ለእድሩ ባመለክት፣ እርስዎ ተነስተው ሽማግሌው አርጅቷል፣ ያገኘውን ሁሉ ራሱ ላዳው ውስጥ ጨምሮ ነው አሉ። ዕድሜዬን ስላስታወሱኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ እውነት ነው። ሞተር ግን አርባ ዓመት ሰምቻለሁ። ቤንዚን ተንኖ ከአየር ጋር ይደባለቃል፣ ፒስተን ይጨምቀዋል፣ ካንዴላ እሳት ይለኩስበታል፣ ፍንዳታው ፒስተኑን ሲገፋው ጎማ ይዞራል። ናፍጣ ካንዴላ አይፈልግም፤ በጭመቃው ሙቀት ብቻ ይነዳል። ነጭ ጋዝ ግን በላዳ ሆድ ውስጥ በወጉ አይተንም፤ ግማሹ ሳይነድ ቀርቶ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፣ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ይህን ለእርስዎ መንገሬ ድፍረት ነው፤ መኪና ያስተማርኩዎ በዚችው ላዳ ነበርና ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው።

ሦስተኛውን መቁጠር አቃተኝ። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል። ድሮ የተራው ሾፌሮች መኪናቸው ሲያስል የሚያሰሙት ለእኔ ነበር፤ ዛሬ ቁልፋቸውን ከእጄ ያርቃሉ። ይህን የወሰዱብኝ እርስዎ ነዎት፣ መመለስ የሚችሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት። በመጪው እሑድ እዚያው እድር ፊት ቆመው እውነቱን ይናገሩ። ካሣ አልጠየቅሁም።

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ እርጥብ እግሬን ከደጅዎ ያነሳሁት፣ አበልጅዎ የነበርኩት ገብረየስ። ፊርማ ስለማልችል የአውራ ጣቴ አሻራ ይኸው።

ማስታወሻ፤ ከአሻራዬ በስተቀኝ ከሌላ ማደያ ያመጣሁትን ንጹህ ቤንዚን አንድ ጠብታ አንጠባጥቤ ነበር። አይፈልጉት፤ ተንኖ ሄዷል፣ ወረቀቱ ንጹህ ነው። በስተግራ የምትታየው ቅባት ከላዳዬ ሆድ የቀዳኋት የእርስዎ ጠብታ ናት። ሦስት ቀን ሆናት፤ አልለቀቀችም። እኔ በአሻራዬ ፈርሜያለሁ፤ እርስዎም ፈርመዋል።