የጎበዜ በርሜሎች

ይድረስ ለእትዬ ሣህሊቱ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ከክረምቱ ብርድ ወዲህ ተሻለሽ ወይ? የአባባ ዓይን እንዴት ነው? የላክሁላቸውን ጠብታ ይጠቀሙበታል ወይስ እንደ ልማዳቸው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል? ጤፉስ ያዘላችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን ይህ ደብዳቤ ያሳብቅብኛል።

ጽሑፍሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። የጎበዜ ሽማግሌዎች አባባ ዘንድ ሁለት ጊዜ መጥተው እንደ ለመኑ፣ ያገርሽ ልጅ ነውና ይቅር በይው፣ ፍርዱን ለእግዜር ተይው ብለሻል። ሽማግሌዎቹ የነገሯችሁ እሱ የነገራቸውን ነው። የሆነውን እኔ ልንገርሽና ያን ጊዜ ፍረጂ።

ሰዓዲያን በደብዳቤዬ ታውቂያታለሽ። ጤና ረዳት ሆኜ አሰበ ተፈሪ ስመደብ ቤቷን ያከራየችኝ፣ ወባ የጣለኝ ጊዜ ሦስት ቀን ከራስጌዬ ያልተነሳች ሴት ናት። በከተማው መካከል በሚወርደው ወንዝ የሰው ልብስ እያጠበች ኩብራ የምትባል አንድ ልጇን አሳድጋለች። ጎበዜ ደግሞ ለጫትና ለቡና ገበሬዎች የተባይ መድኃኒት ይሸጥ ነበር፤ መጋዘኑ ከወንዙ ራስጌ ነው። በየፋሲካው ቤቱ እየጠራኝ ስለ አገራችን ስለ ብቸና ስናወራ እንውል ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ድሮ የማልወደው ሰው እንዳይመስልሽ ነው።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሰዓዲያ ከጠዋት ጀምሮ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ስታጥብ ዋለች። ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ልትታጠብ ውዱእ አደረገች፤ በዚያው ውኃ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ጠማትና ጠጣችም። ብዙ ሳይቆይ ኩብራ ደግፋ ጤና ጣቢያ አመጣቻት። ላብ አጥምቋታል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ታስመልሳለች፣ ሥጋዋ በየቦታው ይርገበገባል። በከተማው የገባው ተቅማጥ መስሎኝ ግሉኮስ ሰቀልሁላት። የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ አይቻለሁ። አየሁ እንጂ ምን እንደ ሆነ አላወቅሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እጄ ላይ አረፈች። የመጨረሻ ቃሏ «ልጄን አደራ» የሚል ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ኩብራ የእናቷን ቀሚስ ይዛ መጣች። ማላታይን የሚሉት የተባይ መድኃኒት ይሸታል። «ከላይ በርሜል ያጥቡ ነበር። እማዬ ስትጠጣ አላስተዋልንም፤ በኋላ ነው ውኃው እንደ ወተት ነጥቶ ሲወርድ ያየሁት» አለችኝ። በዚያው ቀን ከታች አራት ፍየሎች ሞተዋል። የሕክምና መጽሐፌን ገልጬ ሳነብ የሰዓዲያ ምልክት አንድ በአንድ በተባይ መድኃኒት መመረዝ ሥር ተጽፏል። ማርከሻው አትሮፒን ነው፤ እሱም የዚያን ዕለት በእኛው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

ጎበዜ ዘንድ ሄድሁ። ከሱቁ ደጃፍ ሳይነሳ «በሽታ ነው የገደላት። ደግሞስ ያከምሻት አንቺ አይደለሽም?» አለኝ። እትዬ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ቀበሌ ብከስ ማስረጃ አምጪ አሉኝ።

ሃያ ቀን እንኳ አልሞላም። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ብርነሽ በጋሪ ጭና አመጣችው። በርሜል ሲያወርድ ክዳኑ ተከፍቶ መድኃኒቱ ከራሱ እስከ እግሩ ተደፍቶበታል። ላቡ፣ ለሃጩ፣ ብሌኑ፣ ሁሉም የሰዓዲያ ነው። ሐኪሙ ለስብሰባ ሐረር ሄዶ ነበር። ልብሱን አስወልቄ ገላውን አሳጠብሁት፤ አትሮፒኑን በመርፌ ሳብሁ፤ ከዚያ መርፌውን እንደ ያዝሁ አጠገቡ ቁጭ አልሁ።

«በርሜሎቹን የት ነው ያጠብሃቸው?» አልሁት።

ብርነሽ እግሬ ላይ ወደቀች። ዘበኛው ዓሊዩ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ጎበዜ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ወንዙ ላይ» አለ።

«ሴቶቹ ከታች እንዳሉ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ወጋሁት። መርፌውን እየደጋገምሁ አዳንሁትም። ዝም ቢል ኖሮ ምን አደርግ እንደ ነበር ትጠይቂኝ ይሆናል። አላውቅም ብልሽ እዋሻለሁ።

ዓሊዩ የሰማውን በፍርድ ሸንጎው ፊት ቃል በቃል ተናገረ፤ ብርነሽም አቀርቅራ አልካደችም። መጋዘኑ ታሸገ፣ እሱም ሦስት ወር ታሰረ። ለአንዲት እናት ሦስት ወር። አሁን ተፈቷል፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፣ በየሐሙሱ ለኪኒን እኔ ዘንድ ይመጣል። ኩብራ ዘንድሮ በጤና ጣቢያችን በጽዳት ተቀጥራለች። ኪኒኑን የሚውጥበትን ውኃ በኩባያ የምታቀብለው እሷ ናት። ሌላ ሰው ማዘዝ እችል ነበር፤ አላዘዝሁም። ኩባያውን አፍጥጦ ያያል፣ ቀና ብሎ እሷን ያያል፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። ውኃው ንጹሕ ነው። ያን የምናውቀው ግን እኔና ኩብራ ብቻ ነን።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ይህን ንገሪልኝ። ደሙ የኩብራ ነውና ይቅርታው ከእኔ ዘንድ የለም። ሴቶቹ ለአጠባ በተሰበሰቡበት፣ በጠራራ ፀሐይ ወንዙ ድረስ ይውረድ። ገበያ ላይ አሳምሮ በሚናገረው ኦሮምኛ እናትሽን የገደልሁ እኔ ነኝ ይበላት። እሷ ከማረችው እኔ ምን አግብቶኝ። እስከዚያ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይጠጣል። ክፉ ሆነሻል ካልሽኝ አልቀየምሽም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ለወንድማችን ለአያና፣ ለባለቤቱ ለየሺሐረግ፣ ለልጆቻቸውም በየስማቸው ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የጎበዜን እናት እማማ አይናዲስንም ሰላም በይልኝ፤ እሳቸው አልበደሉኝም። ልጅዎ በሕይወት አለ፣ ያዳነችውም ዘውድነሽ ናት በያቸው። እሱ በሰው ላይ ያደረገውንም አትደብቂያቸው።

እህትሽ ዘውድነሽ
አሰበ ተፈሪ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.