«በአማርኛ የተዘፈነ»

ሰኞ
አማርኛ አይደለም አልኩት ማናጀሬን። ሁለቴ። ቲኬት ቆራጭ ሆኜ የምሠራበት ሲኒማ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የድሮ የእንግሊዞች ፊልም ያሳያል። ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረ ሰሞን የተሠራ ነው፣ ዘፈንና ቀልድ። መሀል ላይ አንድ ነጭ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ «የአቢሲኒያ ልዑል» ሆኖ ይዘፍናል። ማናጀሬ ኬቨን አሳየኝና «ምን እያለ ነው?» አለ።
«ምንም። ዝም ብሎ ይለፈልፋል።»
ሳቀ።

ማክሰኞ
የፊልሙ ማስታወቂያ ወረቀት፣ ፍላየሩ፣ ወጣ። «በአማርኛ የተዘፈነ ብርቅ ዘፈን፣ በኢትዮጵያዊት ባልደረባችን የተረጋገጠ» ይላል። እኔ መሆኔ ነው። ለኬቨን ደወልኩለት። «ኮሜዲ እኮ ነው፣ ሪላክስ አድርጊ» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ረቡዕ
የሐበሻ ሱቅ የበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ በየሱቁ በር ተለጥፏል። በርበሬ የሚሸጡልኝ ጋሼ ታደሰ አነበቡት።
«ያረጋገጥሽው አንቺ ነሽ?»
«አይደለሁም፣ ጋሼ።»
«እዚያ ያለሽው ኢትዮጵያዊት አንቺ ብቻ።» ደግሞም «ተዪው፣ የሞተ ሰው ቀልድ ነው። ሥራሽን እንዳታጪ» አሉኝ።
ከኬቨን ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ። ለማን ብዬ ነው የምተወው?

ሐሙስ
ኬቨን ቢሮ ገባሁ። ወይ ፍላየሩን አንሳ፣ ወይ ከፊልሙ በፊት ለተመልካቹ የምናገርበት ሁለት ደቂቃ ስጠኝ አልኩት። «አስብበታለሁ» አለ።
ፓልምስ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ የምናገረውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ስድብ። ቀደድኩት።

ዓርብ
ቴክስት ላከ፦ «ኦኬ፣ ሁለት ደቂቃ። ጨዋ ሁኚ።»
ጨዋ ሁኚ። ፊቱን የተቀባው እኔ ነኝ እንዴ?

ቅዳሜ
ከስክሪኑ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። «የምትሰሙት አማርኛ አይደለም። የማንም ቋንቋ አይደለም። አረጋገጠች የተባልኩት እኔ ነኝ፣ አላረጋገጥኩም።» ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አጨበጨበ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ ታደሰ ናቸው፣ ኮት ለብሰው።
ልዑሉ ብቅ ሲል አንድ ሰው ሳቀ፣ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።
ኬቨን ሳያናግረኝ ወጣ። የሚመጣው ሳምንት የሥራ ሺፍቴም አልተላከልኝም።
የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የቀረው ፊልም ያስቃል። አንዲት ገረድ ትሪ ተሸክማ ደረጃ ላይ ስትደንስ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እንዲህ ማሳቅ የሚችሉ ሰዎች ያንን ልዑል ባያስገቡት ምን ነበረበት?