ከልብሱ ጋር የከተትሁት መርዶ

ሰኞ፣ ጥር 3 ቀን 1974

የጥምቀቱ ጣጣ ተጀመረ። ሦስት ሳፋ ሙሉ ዘፍዝፌ ገና ግማሹ አልተነካም። የአማቴ የእትዬ ውድነሽ ሁለት ቀሚስ፣ ሦስት ነጠላ፣ መቀነት። የካሳሁን እጀ ጠባብና ኩታ። አንሶላው፣ ጋቢዎቹ... የእኔ አንድ ቀሚስ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ውሃው ሲጠቁር።

ከኅብረት ሱቅ የደረሰን ሳሙና አንድ ፍሬ ነው። እሱ ለነጠላዋ ብቻ ይሁን አለች። ሌላው በእንዶድ። ስወቅጥ ስወቅጥ እጄ ተላጠ። እሷ ደጅ ላይ ዱካ አውጥታ ተቀምጣ ታየኛለች። "ፈንታነሽ፣ አንገቱን ደህና አርገሽ እሽው። አምና እቴነሽ ቤት አፍሬያለሁ።"

እቴነሽ ልጇ ናት፣ ሐሙሲት ያለችው። ለጥምቀት ከደብረ ታቦር እዚያ ነው የምንወርደው፣ እሁድ በአውቶቡስ። ባሌ ካሳሁን ለመምህራን ሴሚናር ባሕር ዳር ነው፣ ከዚያው ይመጣል። እንግዲህ አጣቢም እኔ፣ ካታችም እኔ፣ ተሸካሚም እኔ።

ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አልልም። ማን ያየኛል?

ማክሰኞ፣ ጥር 4

ዮሐንስ ነው። አይታጠብም። እጄን ቅቤ ቀብቼ ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 5

እንዴት ብዬ ልጀምረው...

አማቴ አቦን ልትሳለም ሄዳ ነበር። የደረቀውን ሳጣጥፍ በላይነህ ከእብናት መጣ። የወንድሟ የጋሽ ጌጡ ሚስት ወንድም ነው። ነጠላውን ዘቅዝቆታል። ገና ሳየው ገባኝ። "አሉ?" አለኝ። "ቤተ ክርስቲያን ናቸው።" ገብቶ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠየቀኝ፣ ጠጣ።

"ጋሽ ጌጡ አረፈ። ቅዳሜ ታመመ፣ ሰኞ ቀበርነው።"

ጋሽ ጌጡ ማለት የቀራት አንድ ወንድም ነው። አባትም እናትም እሱ ነው ትላለች።

"ካሳሁን ከሌለ አንቺ ነሽ እንግዲህ" አለ። "ነገ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ጠርተሽ መርዶውን ንገሯቸው። እኔ ጋይንት ላሉት ዘመዶች መድረስ አለብኝ። አደራሽን።"

እሺ አልሁ። የዚያን ጊዜ ከልቤ ነበር እሺ ያልሁት። ማርያምን።

ከዚያ እሷ መጣች። በሩን ሳታልፍ ገመዱ ላይ ያለውን ነጠላ ዳሰሰችና "ይኸ ነጣ ትያለሽ?" አለችኝ። ወዲያው ደግሞ "ማን መጥቶ ነበር?"

"ማንም" አልሁ።

አፌ ነው ያለው። እኔ ራሴ ደነገጥሁ። ግን አላረምሁትም። አሁንም አላርመውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የሆሳዕና ሰሞን፣ የእናቴ መርዶ ከጋይንት መጣ። ለማን መጣ? ለእሷ። ምን አደረገች? ልብሱ ገና አልታጠበም ነበር። የፋሲካ ልብስ፣ የዘጠኝ ሰው ልብስ፣ እቴነሽ ከነልጆቿ መጥታ። አስታውሳለሁ፣ ወንዝ ዳር እንጉርጉሮዬን እያወረድሁ ሳጥብ አጠገቤ ቆማ "ድምፅሽ ደስ ይላል" አለችኝ። እናቴ ከተቀበረች አራት ቀን ሆኗታል! ፀጉሬን አሠራችኝ። ነጭ አለበሰችኝ። ዶሮ በላሁ። ሳቅሁ። ማክሰኞ ጠዋት፣ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ፣ ዕቃውም ታጥቦ ሲያልቅ፣ ተሰብስበው አረዱኝ። ካሳሁንም ያውቅ ነበር።

ለምን ብላት "በዓሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ልጄ" አለችኝ።

ልጄ!

ሐሙስ፣ ጥር 6

ጎህ ቀደደ። ጎረቤት አልጠራሁም። እሳት አነደድሁ፣ ቁርሷን ሰጠኋት። ምንም አልሆንሁም።

ወንዝ ወረድን። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ደግሞ እሷም መጣች፣ አዲስ ጋቢ በጆንያ ይዛ። ክረምቱን ሙሉ ስትፈትለው የነበረው ነው። "ይኸ የጌጡ ነው፤ ከጥምቀት መልስ የእብናት ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ። አዲስ ጋቢ ሳይታጠብ ይከረክራል፣ አንድ ውሃ አውጪለት።"

አወጣሁለት። ሁለት ውሃ። በልቤ ምን እንዳልሁ ልጻፈው፦ ፈትለሽ፣ አሸምነሽ፣ ማንም የማይለብሰው ጋቢ። እኔም ለእናቴ ያን ጊዜ ሻሽ ገዝቼ በሳጥን አስቀምጬ ነበር። ማን ጠየቀኝ?

ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። ጌጡ ልጅ ሆኖ ወንዝ ሲወስደው በፀጉሩ ይዛ እንዳወጣችው። ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ። እኔም ሳቅሁ። አብሬያት ሳቅሁ!

አርብ፣ ጥር 7

ሥላሴ። ማጠብ የለም። ለመንገዱ የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ምክንያት?" አለኝ።

ለቅሶ ብለው ያን ሰዓት ማኅተሙን ይመታልኝ ነበር። ለቅሶ ማለት ደግሞ እውነት ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

"ዘመድ ጥየቃ" አልሁ።

"ለጥምቀት ነው አትይም?" ብሎ አጉረመረመ። ሁለት ሰዓት አስጠብቆ ሰጠኝ።

ሲመሽ ትንሽ ፈራሁ። በላይነህ ተመልሶ በዚህ ቢያልፍስ? አያልፍም። ቢያልፍስ ግን...

ቅዳሜ፣ ጥር 8

ስተኩስ ዋልሁ። ካውያው ከሰል ሲተፋ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ነገር ጣለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደሜ ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ በምላሴ አርሼ ጠረግሁት። ለለቅሶ ማን ያየዋል አልሁ በልቤ። ክፉ ሆኛለሁ? ሆኛለሁ።

ሻንጣውን ስከት አጠገቤ ተቀመጠች። ነጩን ቀሚስ ከላይ አድርጊው፣ እንዳይጨማደድ። መቀነቱን ጠቅልይው። "ጥቁሩን ሻሽዎንስ?" አልኋት፣ እንደዋዛ። "ምን ይሠራልኛል? ደግ ነገር አስቢ እንጂ!" ብላ ተቆጣችኝ። እሺ። ደግ ነገር አሰብሁ። ጥቁሩን ሻሽ ከሳጥኑ ሥር መለስሁት።

ከዚያ "ጀርባሽን አመመሽ እንዴ? ዛሬ ጎንበስ ስትይ አየሁሽ" አለችኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ ለምን ትጠይቀኛለች? ዛሬውኑ? ልነግራት ነበር። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

እሁድ፣ ጥር 9

ሐሙሲት ገባን። አቧራ። ልብሱ ግን ንጹሕ ደረሰ።

ሰኞ፣ ጥር 10

ከተራ። ካሳሁን ከባሕር ዳር መጣ። ከስቷል። ለእሱ ልንገረው ብዬ አሰብሁ። ጋሽ ጌጡ አጎቱ ነው፣ ፊደል ያስቆጠረው እሱ ነው... አልነገርሁትም። የዚያን ጊዜ አጠገቤ ተኝቶ ስምንት ሌሊት እንዴት ዝም አለኝ? እሱም ይቅመሰው።

ማክሰኞ፣ ጥር 11

ጨፈረች። እትዬ ውድነሽ፣ ጉልበቴን የምትለው ሴትዮ፣ ከታቦቱ ኋላ እልልታዋን እያቀለጠች ከሴቶቹ ጋር ጨፈረች። ነጩ ቀሚስ ፀሐይ ላይ ያበራል። ሰው "ምን ዓይነት አጣጠብ ነው!" አላት። "የምራቴ እጅ ነው" አለች። ሰው ፊት!

ይህችን ቀን ነበር የፈለግሁት። በዓይኔ አየኋት። ነገር ግን ሳያት እሷን አላየሁም። እኔን ነው ያየሁት፣ የፋሲካ ዕለት፣ በነጭ ልብስ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር ለካ የሚያየኝ? እያወቀ?

የበለጠ ነደደኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 13

ወጣ። እኔ ባሰብሁት መንገድ ግን አይደለም። ደብረ ታቦር ስንመለስ፣ ልብሱ ሁሉ ሲቆሽሽ፣ በራሴ አፍ ልነግራት ነበር ያሰብሁት።

የገበያ ቀን ነው ዛሬ። እቴነሽ ግቢ ውስጥ ጠላ እየጠጣን ነው። እትዬ ውድነሽ በነጭ ልብሷ፣ ፀጉሯ በቅቤ ርሶ፣ ጎረቤቱን ስትጋብዝ፣ በላይነህ "ወየው ጋሼ! ወየው ጌጡ!" እያለ በሩን ገፍቶ ገባ። ደብረ ታቦር ቢያጣት፣ ተረድታ ልጇ ቤት ሐዘን ተቀምጣለች ብሎ ነው፣ ለቅሶ ሊደርስ። ነጩን ልብስ ሲያይ ቀጥ አለ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለችው።

"አልነገሩዎትም? እኔ... ለፈንታነሽ ነግሬያት ነበር። የአቦ ዕለት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ካሳሁን "ፈንታነሽ?" አለ፣ እንደማያውቀኝ ሰው። ሁለት ዓመት ያመላለስሁት ቃል በራሱ ወጣ።

"በዓሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው እትዬ።"

ማንም አልገባውም፣ ከእሷ በቀር። ከመጮኋ በፊት አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጮኸች።

ጣፈጠኝ? እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ ለራሴ ነው። ጣፈጠኝ። ያቺ ስታየኝ። ከዚያ ቀሚሷን ከደረቷ ይዛ እስከ ታች ስትቀደው፣ ያን ያጠብሁትን፣ የተኮስሁትን... "ነጭ ለብሼ! ወንድሜ አፈር ገብቶ ነጭ ለብሼ!" ስትል፣ ጣዕሙ ከአፌ ጠፋ። ይኸ የእኔ ቃል ነው። የዚያን ማክሰኞ እኔ የጮህሁት ነው።

ሰኞ፣ ጥር 17

ደብረ ታቦር። ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶታል። ከእኔ ጋር ሰው አይነጋገርም። ካሳሁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጓዳ ውስጥ፦ "እንዴት ቻልሽ?"

"አንተ እንዴት ቻልህ?" አልሁት።

ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ለአጎቱ ይሁን ለሌላ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ታባርረኛለች ብዬ ነበር። አላባረረችኝም። ግን ልብሷን አትሰጠኝም። ጥቁር ቀሚሷን ላነሳ ስል ከእጄ ወሰደችው። ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ሰባት ዓመት ልብሷን ከማጠብ ገላግለኝ ስል ኖሬያለሁ። ይኸው ተገላገልሁ። ዛሬ የእኔንና የካሳሁንን ብቻ አጠብሁ። በአንድ ሰዓት አለቀ። ከዚያ የምሠራው አጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 26

ጠዋት ስነሳ የለችም። ለቀስተኛው የተኛበት ቡልኮም የለም። ወንዝ ወረድሁ። ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ታጥባለች። በዚያ ብርድ። በዚያ ጉልበት።

ዳር ቆምሁ። ሳትዞር ተናገረች። ከሐሙሲት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

"የዚያን ጊዜ ለበዓሉ አልነበረም። ለልብሱ ነው። ሐዘን ከተቀመጠች ማን ያጥባል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ውስጤ የሚያውቀው ነገር ነው። ከአፏ ስሰማው ግን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ።

"አንቺስ?" አለችኝ።

"እንዲያምዎ ብዬ ነው።"

"አመመኝ" አለች።

ቡልኮውን ከውሃው ልታወጣው ሞከረች። ውሃ የጠጣ ቡልኮ ለሁለት ሰውም ይከብዳል። ጎተተች፣ መልሶ ጎተታት። ቁጭ ብዬ አየኋት። ይቅር አላልኋትም፣ እሷም ይቅር በይኝ አላለችኝም። ሁለተኛ ሞከረች። ቁጭ ብዬ ማየቱ እንደ በፊቱ ደስ ቢለኝ ኖሮ እስከ ማታ እቀመጥ ነበር።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አንዱን ጫፍ ያዝሁ። እሷ ወደ ቀኝ ጠመዘዘች፣ እኔ ወደ ግራ።